የኦቦ ዓብዲሳ ጠጠር

ወርቂቱ ለቅሶ ቤት ደረሰች እንጂ አላለቀሰችም። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ኦቦ ዓብዲሳን ሦስት ዓመት ሰላም ሳትለው ኖራለች፤ ሞተ ተብሎ እንባ አትበደርም። ልጇ ዱረቲ ግን ከባኮ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጥታ ደረቷን ስትደቃ ውላለች።

«አባትሽን ስንቀብር እንኳ እንዲህ አልሆንሽም» አለቻት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጠቡ የተነሣው ከሦስት ዓመት በፊት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የወጣ ቀን ነበር። ዱረቲ ወደቀች፤ ቤትም አልተመለሰች። ወርቂቱ አምቦን በሙሉ ስታስስ ውላ ያገኘቻት ሊመሽ ሲል፣ ከዘበኛው አግዳሚ ላይ ገብስ ስትለቅም ነው። «ልጄን ገረዱ አደረጋት!» ብላ ጎረቤት ሰበሰበች። ሰውዬው አንዲት ቃል አልመለሰም።

አሁን በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሴቶች ለቆሎ የሚሆን ገብስ ይለቅማሉ። የሟች ሚስት ፋንቱ ትሪውን አይታ በእንባዋ መሃል ሳቀች።

«የኔ ሰውዬ ይህን ቢያይ ጠጠር ይጨምርበት ነበር። አዎ! እኔ የለቀምኩትን ወስዶ ጠጠር ይቀላቅልና፣ በውጤት ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይዞት ይቀመጣል። ፀበል ልወስደው ነበር እኮ!»

«ጠጠሩን ለምን?» አለች ወርቂቱ።

«ያኔ ስትሰድቢው ጠይቀሽው ቢሆን! እጅ ሥራ ከያዘ አፍ ይፈታል ይል ነበር።»

ዱረቲ ቀና አለች።

«እማዬ፣ ያን ቀን ቤት ልመጣ አልነበረም። መኖር አስጠልቶኝ ነበር። ፊቴን አየና ‹ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ልትሞቺ አስበሻል?› አለኝ። አዎ አልኩት። አልጮኸም፣ አልገሠጸኝም። ትሪውን ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ሊያልቅ ሲል ሌላ እፍኝ ጠጠር ይጨምርበታል፤ እየለቀምኩ ሁሉን ነገርኩት። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ነርሷ ጋ ወሰደኝ፤ ስድስት ወር ተመላለስኩ።»

«ለኔስ አትነግሪኝም?»

«‹ከወደቅሽ ደጄን አትርገጪ› ያለኝ ማን ነው?»

ወርቂቱ አሁን ገባት። ለካ ሰውዬው ስድቧን ዝም ብሎ የተቀበለው የልጇን ምስጢር ይዞ ነው።

«ዘንድሮስ?» አለች ፋንቱ። «ውጤት ነገ ነው አሉ። በሩ ላይ ማን አለ?»



በማግስቱ ሣልስቱ ነበር። ወርቂቱ የተለቀመ ገብስ በትሪ ይዛ ከድንኳኑ ወጣች። «ወዴት ነው?» ቢሏት «አያገባችሁም» አለች።

ውጤት የሚጠብቁት ተማሪዎች ስልካቸውን ይዘው ከትምህርት ቤቱ በር ተሰብስበዋል። የዘበኛው አግዳሚ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ አጠገቧ የአንድ ሰው ቦታ ተወች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከመሬት ጠጠር ዘገነችና ገብሱ ላይ በተነችው።