«ፈርሷል» የሚለው ማህተም

ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ፤ ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ ሞክሬ ሁለቴም ስለጣለኝ፣ ሰው ወሬዬን ሁሉ በግማሽ ቀንሶ ነው የሚሰማኝ። ይኼን ግን ሳትቀንሱ ስሙኝ።

የምሠራው የሕንፃ ፕላን የሚቀመጥበት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ከተማው ውስጥ የተሠራ ቤት ሁሉ ፕላኑ እዚያ አለ፤ ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ፣ ቁጥር ተለጥፎበት። የእኔ ሥራ ጥቅል ማውረድና ጥቅል መመለስ ነው። ኃላፊያችን እትዬ ጓንት ሳያጠልቁ ወረቀት አይነኩም፤ ሲያስነጥሳቸው እንኳ ፊታቸውን ወደ በሩ ያዞራሉ። አንድ ቤት ሲፈርስ ራሳቸው ሄደው ፍርስራሹን በዓይናቸው አይተው ይመለሱና ፕላኑ ላይ «ፈርሷል» የሚል ቀይ ማህተም ይመታሉ። ሳያዩ መትተው አያውቁም። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «አንተ ብቻ እጅህን ሰብስብ» አሉኝ።

የእህቴ ባል ፎቅ ቤት ካሠራ ወዲህ ጉራው አላስቆም አላስቀምጥ ብሎን ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እትዬ ስብሰባ ሲሄዱ፣ የቤቱን ፕላን አወረድኩና ማህተሙን ግጭ! ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። «አማቼ፣ ቤትህ ፈርሷል፤ ሌላ ቤት ፈልግ።»

ሳቄን ሳልጨርስ ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ወደቀ። የደረጃው መስመሮች ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ እየጠፉ ነበር። ውሃ እንደነካው ቀለም አልፈዘዙም፤ ጭራሽ እንዳልተሳሉ ሆኑ።

ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት።

«አንተ ቀልማዳ፣ ባሌ ፎቶህን ልኮልኛል፤ ደረጃው የት ሄደ?»

«የምን ደረጃ፣ እታለም?»

«የቤታችን ነዋ! ፎቅ ላይ ሆኜ በሩን ስከፍተው ግድግዳ ነው። ልስኑ ገና እርጥብ ነው። ባሌም ቤት የለም እኮ!»

እትዬ ሲመለሱ እግራቸው ላይ ወድቄ ተናዘዝኩ። አልተቆጡኝም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። «ማህተም አይፋቅም» አሉ፣ ሰሌዳቸውንና እርሳሳቸውን እያነሱ። «ቤቱን እንደ አዲስ ለክቶ እንደ አዲስ መሳል ነው። የተለካው ይቀራል።»

ያልተለካውስ? ብዬ አልጠየቅሁም።

ስንደርስ አማቼ ግቢው መሃል ቆሟል። ከአምስቱ የፎቅ መስኮቶች ሁለቱ የሉም። ተዘግተው አይደለም፤ ቦታቸው ላይ ለስላሳ ግድግዳ ነው ያለው።

«ይኼ ቀልድህ ነው?» አለኝ።

«ቀልድ ነበረ።»

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። የልብስ ሜትሯን ይዛ በቀሩት መስኮቶች ብቅ እያለች ቁጥር ትጮህልናለች፤ እኔ እደግማለሁ፤ እትዬ ሰሌዳውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይስላሉ።

«ቶሎ በይ እንጂ!»

«ሱሪ መሰለህ? ግድግዳ ነው የምለካው!»

የሳሎኑ መስኮት ጠፋ። ቀጥሎ የማድቤቱ። አንድ ብቻ ቀረ፤ እሱም ከጎንና ከጎኑ እየጠበበ ነበር፤ የእህቴን ትከሻ አያሾልክም። ያም ሆኖ ሁሉንም ክፍል ለካን። የቀረው ደረጃው ነው፤ የሌለ ነገር ደግሞ አይለካም።

«ስንት እርከን ነበረው?» አሉ እትዬ።

አማቼ ደረቱን ነፋ። «አሥራ ስድስት! እያንዳንዷ ሲሚንቶ ሲፈስባት አናቷ ላይ ቆሜ ነው ያሠራሁት። ቁመቷ ይኼን ያህል፣ ስፋቷ ይኼን ያህል!»

በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ጉራውን ወደድኩት። እትዬ አሥራ ስድስተኛውን መስመር ሲያሰምሩ ከግድግዳው ጀርባ የእግር ኮቴ ሰማን፤ ኮቴው ወረደ፣ ወረደ፣ እህቴ በሩን ከፍታ ወጣች። ፀጉሯ በልስን አቧራ ነጥቷል። አንገቴን አቅፋ ስታበቃ በጥፊ አጮለችኝ።

ቤቱ ዛሬም ቆሟል። አዲሱ ፕላን መደርደሪያው ላይ ነው፤ እኔም ማህተም ያለበት መሳቢያ አጠገብ አልደርስም።

እንግዲህ ምላሴን ካተረፋችሁልኝ አንዷን ውሸቴን ልመን። ሁሉንም ክፍል ለካን ያልኩት ፈጠራዬ ነው። እህቴ በመጨረሻው መስኮት «አንድ ክፍል ይቀረኛል፣ የኮሪደሩ ጫፍ» ብላ ስትጮህ፣ መስኮቱ ሲጠብ አይቼ «ይበቃል፣ ተይው!» ያልኳት እኔ ነኝ። አሁን ብጠይቃት «እዚያ ክፍል ኖሮ አያውቅም» ትላለች፤ አማቼም እንደዚያው። አንዳንዴ ግን የኮሪደሩ ጫፍ ላይ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች ቆማ አገኛታለሁ። እኔ ክፍሉ ትዝ ይለኛል። ቢጫ ቀለም ነበረው፤ ትንሽዬ አልጋም ነበረችበት። የማን እንደነበረች ግን ጠፍቶኛል።