ፊት የሚያጠቁር ማተሚያ

«ፎጣዎን ወደ ኋላ መለስ ያድርጉት፣ አባ ፋንታሁን። ጆሮዎ ይታይ።»

«ጆሮዬን ምን ያደርጉታል?» አሉ ሽማግሌው ፎጣቸውን እየፈቱ። «መስማት እንደሁ ትቼዋለሁ።»

ሠርካለም አልሳቀችም። ከጠዋት ጀምሮ ለመታወቂያ ሃያ ሰው አንስታለች፤ ሃያውም ስለ ጆሮው አንድ ነገር ተናግሯል። ሰቆጣ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ፎቶ ቤት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያየችው ጆሮ ነው። ካሜራዋን እንዳነሳች በሩ ተከፈተና ታናሽ እህቷ ባንቺ ገባች፤ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ፣ ካሜራዋ አንገቷ ላይ።

ባንቺ ገና ሳትቀመጥ ሽማግሌውን በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር አለቻቸው። አባ ፋንታሁን ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። እሷም ሳቁ ሳያልቅ አነሳቻቸው።

«ለመታወቂያ ሳቅ አይሆንም» አለች ሠርካለም።

«ለመታወቂያ ማን አለ፣ እታለም? ለራሴ ነው።»

ሠርካለምን የሚያንገበግባት ይኸው «ለራሴ ነው» የሚሉት ነገር ነው። ፎቶ ማንሳት መጀመሪያ የሷ ነበር። በስምንት ዓመቷ የሳሙና ካርቶን በስታ ሰፈሩን ሁሉ «ያነሳች» እሷ ናት፤ ባንቺማ ፊት ለፊት እንድትቆም እየተለመነች የምታለቅስ ሕፃን ነበረች። አባታቸው ሲሞቱ ቤቱን ለመያዝ የቀረችው ሠርካለም ሆነች። ባንቺ ቤሩት ሄደች፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ካሜራ አንግታ ተመለሰች። ያ ካሜራ ስንት የሰው ቤት ወለል ተወልውሎ እንደተገዛ ሠርካለም አሳምራ ታውቃለች። ማወቋ ግን ቅናቷን አላስታገሰላትም።

ሽማግሌው ፎቷቸውን ተቀብለው ሲወጡ ባንቺ ፎቶዎቿ ያሉበትን ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አሥሩንም ፎቶ በትልቁ አትሚልኝ። ነገ ጠዋት የከተማው አዳራሽ ውስጥ መሰቀል አለባቸው። ሰዎቹ ለሻደይ በዓል ገብተዋል።»

ሰዎቹ ከባሕር ዳር የመጡ የመጽሐፍ አዘጋጆች ናቸው። ሥራዋን ከወደዱላት ከሰቆጣ ዙሪያ እስከ ደሃና እየዞረች የዋግን ኑሮ የምታነሳበት የሁለት ዓመት ሥራ ይሰጧታል። በደመወዝ፣ ፎቶ አንሺ ተብላ።

ሠርካለም የመጀመሪያውን ፎቶ ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተችው። አምና አምደወርቅ ላይ የተነሳ ነው። አንዲት ልጃገረድ የሻደዩን ለምለም ሣር ጓደኛዋ ወገብ ላይ ታስራለች፤ ሁለት እጇ ስለተያዘ የገመዱን ጫፍ በጥርሷ ነክሳዋለች። ጓደኛዋ ሣሩ ኮርኩሯት ነው መሰል በሳቅ ልትወድቅ ደርሳለች። እንዲህ ያለውን ፎቶ ሠርካለም ዕድሜዋን ሙሉ በሐሳቧ ስታነሳው ኖራለች። እኔ ነበርኩ ማንሳት የነበረብኝ፣ አለች በሆዷ።

ማተሚያው አሮጌ ነው፤ ፊት ያጠቁራል። ከመታተሙ በፊት ፊት ፊቱ ተመርጦ ካልፈካ ሰው ከሰል መስሎ ይወጣል። ይህን ከሠርካለም በቀር የሚያውቅ የለም። እጇ ማውሱ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ምንም ሳትነካ አተመችው።

ወረቀቱ እየተንቀረፈፈ ወጣ። ሣሩ አረንጓዴ፣ ቀሚሱ ነጭ፤ ልጆቹ ግን ፊት የላቸውም።

ባንቺ በር ድረስ ወስዳ በብርሃን አየችው። ሠርካለም፣ እህቷ ማተሚያውን ስትወቅስ የምትመልስላትን አዘጋጅታ ጠበቀች። ባንቺ ግን ማተሚያውን ዞር ብላም አላየችው።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለች። «ፀሐዩ ከኋላቸው ነበር። በካሜራዬ ሳየው ደህና መስሎኝ…»

«ይሆናል» አለች ሠርካለም። ደስ አላት። መዋሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም ደስ አላት።

«ሌሎቹም እንዲሁ ናቸዋ። ተይው፣ አታትሚ።» ባንቺ ስልኳን አወጣች። «የቤሩቱ ደላላ ትናንት ደውሎ ነበር። ማዳሜ ተመለሽልኝ እያለች ነው አለኝ። እምቢ ብዬው ነበር።»

«በአንድ ፎቶ ነው ቤሩት የምትመለሽው?»

«በፎቶው አይደለም። ፎቶ ማየት ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፣ እታለም። አንቺ ‹ይሆናል› ካልሽ አለቀ።»

አውራ ጣቷ ቁጥሩን እየፈለገ ነበር። ሠርካለም ያ ሁሉ ደስታ ወዴት እንደሄደ አላወቀችም፤ የቀረው ፍርሃት ብቻ ነው።

«አስቀምጪው ስልኩን።»

«ምነው?»

«ማተሚያው ነው። ፊት ያጠቁራል። እያወቅሁ ነው ያተምሁት።»

ባንቺ ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ እህቷን አየች። ውጭ የሚኒባስ ረዳት «አምደወርቅ! አምደወርቅ!» እያለ ይጮኻል።

«ለምን?»

«ቀናሁብሽ።»

«በኔ?» ባንቺ ሌላ ሰው የቆመ ይመስል ዞር ብላ ከኋላዋ አየች። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አሁንም?» አለቻት።

«አሁንም።»

ሠርካለም አሥራ አራት ዓመት ሌላ ሰው ካልተቀመጠበት ወንበር ተነሥታ ማውሱን ወደ እህቷ ገፋችው።

«ነይ ተቀመጪ። እኔ ላትምልሽ ብል እጄን አላምነውም። እንዴት እንደሚፈካ አሳይሻለሁ፤ አሥሩንም አንቺው አትሚያቸው።»