ቀድሞ እግሩን ያነሳ

እህቴ ሰነፍ የሚል ስም ካወጣችልኝ አስራ አንድ ዓመት ሆነ። ለሰው ስታስተዋውቀኝ እንኳ «ታናሼ ናት፤ ወገቤን ወገቤን የምትለዋ» ትላለች። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እየሳቅሁ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርሁ።

የምንሠራው አንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። እሷ የአጣቢዎቹ አለቃ ናት፤ ማን የት እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚቀነስ እሷ ናት የምትቆርጠው። መጭመቂያው ማሽን ከተበላሸ ወዲህ ትልልቁን አንሶላ የምንጨምቀው በእጃችን ነው። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ ይጠመዝዝና፣ ገመድ እስኪመስል ድረስ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ጨዋታም አለው። ቀድሞ እግሩን ያነሳ ተሸናፊ ነው፤ እርጥቡን ቅርጫት ተሸክሞ ሦስት ፎቅ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ያሰጣል። የኔ ጥንድ ሁልጊዜ እህቴ ናት። እሷ ምሰሶ ናት። እኔም ግትር ነኝ፤ ወገቤ እየተሰነጠቀ እግሬን አላነሳም ነበር።

ዘንድሮ ግን ሕመሙ በግራ መቀመጫዬ በኩል ወርዶ ባቴ ድረስ ደረሰ። ስቆም ይብሳል፣ ስቀመጥ ይለቀኛል። መሸነፍም ጀመርሁ፤ ቅርጫቱ የኔ ሆነ። ልጄ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ የወገቤን የራጅ ፎቶ መብራት ላይ ሰቅሎ በእርሳስ አሳየኝ። አጥንቶቹ እንደ ተደረደረ ኩባያ አንዱ ባንዱ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከታች አካባቢ ያለው አንዱ ግን ወደ ፊት ሸርተት ብሏል። ከባድ እንዳላነሳ፣ ወደ ኋላ እንዳልለጠጥ ወረቀት ጻፈልኝና፣ የሰውነት ልምምድ የምታሳይ ባለሙያ ጋ ቀጠረኝ።

ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ሸሸግሁት። እህቴ ከሰማች ቤትሽ ግቢ ማለቷ አይቀርም፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የቆመው በኔ ደመወዝ ነው።

ልብስ ለምትተኩሰዋ ሴትዮ ብቻ ነገርኋት። የሄደ አጥንትማ ይመለሳል እንጂ አለችኝ። ምሳ ሰዓት ላይ የአንሶላ ክምር ላይ በሆዴ አስተኛችኝና፣ ጫማዋን አውልቃ ወገቤ ላይ ወጣች። ቀላል ሴት አይደለችም። የሆነ ነገር ቀጭ አለ። «ገባ» አለች፣ ደስ ብሏት። ስነሳ ግራ እግሬ ደንዝዞ የሌላ ሰው እግር ሆኗል።

በቀጠሮዬ ቀን ይህንን ለባለሙያዋ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ተቆጣች።

«እናቴ፣ ወደ ፊት የሄደ ነገር ከኋላው ሲረግጡት ወዴት ይሄዳል?»

ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ ነካ ነካ አድርጋ፣ በጣቶቼ ጫፍና በተረከዜ አስሄዳ አየችኝና፣ እግሩ አቅም አለው፣ እድለኛ ነዎት አለችኝ። አጥንቱ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ግን ብዙ ሰው ከነመንሸራተቱ ይኖራል፣ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ለጥቂቱ ነው አለች። ደግፎ የሚይዘው የሆድና የወገብ ጡንቻ ስለሆነ እሱን ማጠንከር ነው። በጀርባዬ አስተኝታ፣ ጉልበቴን አሳጥፋ፣ ሆዴን ወደ ውስጥ ሰብስቤ እስከ አስር እንድቆጥር አሳየችኝ። አልጋ ላይ መዋል የለም፤ በየቀኑ መራመድ ነው። ጭኖቼ መካከል ከደነዘዘኝ ወይም ሽንቴን መቆጣጠር ካቃተኝ ግን፣ ነገ ሳልል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ሥራዬን ስትጠይቀኝ ፎጣ ይዤ አሳየኋት። ገና ወደ ኋላ ስለጠጥ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ጠዋት ልምምድ ሠርተው ቀን ይህንን ካደረጉ፣ በአንድ እጅ እየሰፉ በሌላው መቅደድ ነው።»

ልምምዱን ሦስት ሳምንት ሠራሁ፤ አንሶላውንም ጠመዘዝሁ። ግትር አይደለሁም እንዴ። አንድ ሐሙስ ቅርጫቱን ተሸክሜ ሁለተኛው ፎቅ ስደርስ እግሬ ከዳኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልሁ። ከዚህ ብወድቅ እህቴ ቤትሽ ግቢ ማለትም አያስፈልጋት፤ በቃሬዛ ነው የምገባው። ቅርጫቱን እዚያው ትቼ ወደ ሆቴሉ ኃላፊ ቢሮ ሄድሁ። እህቴን ዘልሎ እዚያ የገባ አጣቢ አላውቅም። ወረቀቱን አውጥቼ፣ የደረቀው ልብስ የሚታጠፍበት ጠረጴዛ ላይ እንዲመድበኝ ጠየቅሁት። ሁለቴ አነበበና፣ እህትሽ ታውቃለች ወይ አለኝ። እሱም ይፈራታል።

«አሁን ልነግራት ነው። አንተ ብቻ ፈርምልኝ።»

ፈረመ።

ስወርድ እህቴ የሌላ አንሶላ ጫፍ ይዛ ትጠብቀኛለች። ጣሪያው ላይ ተኝተሽ ነው ወይ አለችኝ፤ ሴቶቹ ሳቁ። ወረቀቱን ዘረጋሁላት።

«እትዬ፣ ሰነፍ ሆኜ አልነበረም። አጥንቴ ከቦታው ተንሸራትቷል። ከዛሬ ጀምሮ ካንቺ ጋር አልጠመዝዝም።»

ማንበብ አትችልም፤ ማኅተሙን ግን ትክ ብላ አየችው።

«ታዲያ ይህንን ማን ሊይዝልኝ ነው?» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

አላውቅም አልኋት። ማጠፊያው ጠረጴዛ ጋ ሄጄ፣ የሳሙና ሳጥን ስቤ ወገቤን እንዲያሳርፍልኝ አንድ እግሬን ሰቀልሁበትና፣ የትራስ ልብስ ማጠፍ ጀመርሁ።