የሾፌሩ አንገት

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ ሁሉም «ሚሊሜትር» ነው የሚላት። እሷም አልከፋትም። የጨረር ሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ናት፤ ጨረሩ በታሰበለት ቦታ፣ በታሰበለት መጠን ማረፉን የምታረጋግጠው እሷ ናት። እናቷ ግን ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ዶክተር ናት» እያለች ታወራለች። አይደለሁም ብትላት፣ ነጭ ጋውን ለብሶ ሆስፒታል የሚውል ዶክተር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው ብላ አፏን ታስይዛታለች። ከእናት ጋር ተከራክሮ የረታ ማን አለ?

ማሽኑ ምድር ቤት ነው ያለው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ ከባድ። ሕመምተኛ ከመግባቱ በፊት ጠዋት ጠዋት ትፈትሸዋለች። ትናንት ደህና ነበር ማለት ዛሬም ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ባሏን እንደ ማሽኑ ብትጠረጥረው ኖሮ ትዳሩ ሳምንት ባልቆየ።

በዚያ ሰሞን ከሚታከሙት አንዱ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ያረጁ ሰው ነበሩ። አንገታቸው ላይ እንቁላል የሚያህል ዕጢ ወጥቶባቸዋል። ከዕጢው ጀርባ፣ ጣት በማይሞላ ርቀት፣ ህብለ ሰረሰራቸው አለ። ጨረሩ ዕጢውን እንዲመታና ያንን እንዲምር አድርጋ ያቀደችው ሚሊሜትር ናት። ትንሽ ቢስት የሰውየው እጅና እግር ከእንግዲህ አይታዘዟቸውም። ስለዚህ በየቀኑ አልጋው ላይ ሲጋደሙ፣ በፊታቸውና በአንገታቸው ልክ የተሠራ የፕላስቲክ ጭንብል ይደረግላቸውና ከአልጋው ጋር ይታሰራል። ከዚያ አንገታቸው የራጅ ፎቶ ይነሳል፤ ፎቶው ከመጀመሪያው ቀን ፎቶ ጋር ካልገጠመ ጨረር የለም።

አንድ ጠዋት ማሽኑን የምታሠራው ቴክኒሻን ደወለችላት። የሾፌሩ ፎቶ አልገጥም ብሏል፤ አልጋውን አስተካክለው እንደገና ቢያነሱም ያው ነው። ትናንትም ትንሽ ሸሽቶ ነበር፤ የዛሬው ባሰ።

ማሽኑ ስቷል አለች ሚሊሜትር በልቧ፤ ስቶ ከሆነ ደግሞ የሾፌሩን ብቻ ሳይሆን የስንቱን ሰው ሥጋ በማይሆን ቦታ እየመታ ከርሟል! ሥራው እንዲቆም አደረገች። አልጋውን ለካች፣ ፎቶ ማንሻውን ለካች፣ በሰው ሥጋ ምትክ የሚለካበትን የውሃ ገንዳ አስገብታ ጨረሩን ራሱን ለካች። ውጭ ተራ የሚጠብቀው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ሾፌሩን የሚያክማቸው ዶክተር ወርዶ መጣ፤ ሕክምና በተቋረጠ ቁጥር የሚደሰተው ዕጢው ነው፣ አልጋውን ገፋ አድርጋችሁ ቀጥሉ አላት። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ብላ መለሰችለትና ከማሽኑ አልነቃነቅ አለች።

ማሽኑ ግን ምንም አልሆነም። ደግማ ለካችው፤ እንከን የለውም። ልታብድ ደረሰች።

ቢሮዋ ገብታ የሾፌሩን ፎቶዎች ከፈተች። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ያየችው ቁጥር ነው፤ ቁጥርና አጥንት። ሰውየውን አላየቻቸውም። አሁን የመጀመሪያውን ቀን ፎቶ በዛሬው ላይ ደረበችውና እጇ የኮምፒውተሩ መዳፊት ላይ ቀረ።

ዕጢው የነበረበት ቦታ አየር ነው። ጭንብሉ የድሮውን እብጠት ቅርጽ እንደያዘ ቆሟል፤ በእሱና በቆዳው መካከል ጣት ያስገባል። አንገት የሚወዛወዘው ለካ ልብሱ ሰፍቶት ነው! በቀመር ታውቀዋለች፤ ጨረር እንዲህ እንደሚያደርግ ተምራለች፣ አስተምራለች። ግን አንድን ነገር ማወቅና ፊት ለፊት ማየት ለየቅል ነው። ፈጣሪዋን ጠራች። ማሽኑን ስትወነጅል የዋለችው ሥራውን በመሥራቱ ነበር።

ደስታው ግን ፍርሃት አላጣውም። ጨረሩን ያዳክም የነበረው ሥጋ ስለሌለ፣ ህብለ ሰረሰሩ ጋ የሚደርሰው ከታሰበው በላይ ነው። በአሮጌው እቅድ መቀጠል ማለት ሰውየውን ከዕጢው አድኖ ሽባ ማድረግ ነው። ዶክተሩን ጠርታ አሳየችው። እሱም ስክሪኑን አይቶ አዲስ ጭንብልና አዲስ እቅድ እንዲሠራ አዘዘ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ «አንቺው ንገሪያቸው» አላት።

ሾፌሩ መጠበቂያው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ስታያቸው ጨነቃት፤ እሷ የለመደችው ከማሽን ጋር ማውራት ነው።

«ተበላሸ እንዴ፣ ልጄ?»

«ማሽኑ ደህና ነው፣ አባቴ። ጭንብሉ ነው የሰፋዎት።»

አንገታቸውን ደፉ። «ከሳሁ ማለት ነው።»

«ክሳት አይደለም። እስቲ አንገትዎን ይንኩት።»

እጃቸው ተነሳና ኮሌታቸው ጋ ሲደርስ ቆመ። ዕጢ ነው ከተባሉበት ቀን ጀምሮ ነክተውት እንደማያውቁ፣ ፂማቸውን እንኳ የሚላጯቸው ባለቤታቸው እንደሆኑ በለሆሳስ ነገሯት። እሷም አላጣደፈቻቸውም። ቆይተው ጣታቸውን ወደ ኮሌታው ውስጥ ላኩ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች ፈለጉ።

«የት ሄደ?»

ጨርሶ እንዳልጠፋ፣ የቀረች እንዳለች፣ ሕክምናውን ማቋረጥ እንደማይቻል አስረዳቻቸው። የሰሟት አይመስልም።

«ጉሮሮዬ ደረቀ እንጂ የነካኝ ነገር የለም» አሉ። «ጋደም ብዬ እነሳለሁ፣ በቃ። ምንም አላየሁም እኮ።»

«ጨረሩን እኔም አንድም ቀን አይቼው አላውቅም» አለቻቸው፣ ዓይኗን በጋውኗ እጅጌ እየጠረገች።

ሾፌሩ ቀና ብለው አዩዋት። አንድ እጃቸውን ከአንገታቸው ሳያነሱ፣ በሌላው አጠገባቸው ያለውን ወንበር ሳብ አድርገው አስቀመጧት።