ጆሮ የለሽም

«እኔን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሦስት ጊዜ አስለቅሰውኛል» አለ ረጅሙ ሰውዬ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ።

«ሦስት ብቻ? እኔ ገና ቫዮሊኔን ከሣጥኑ ሳላወጣ ነበር እንባዬ የሚቀድመኝ» አለች አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት። ለቀስተኛው አፉን እየሸፈነ ሳቀ።

የሟች ልጅ አልሳቀችም። ትሪ ይዛ ቆማለች። ሐዘኑ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ሳሎኑን የሞሉት እናቷ በየክረምቱ በምታዘጋጀው ወርክሾፕ ያለፉ ቫዮሊን ተጫዋቾች ናቸው። ተሰጥኦ አላቸው የተባሉ ልጆች ከየከተማው ተመርጠው ይመጣሉ፤ አንድ በአንድ መድረክ ላይ ይጫወታሉ፤ እናቷ በሰው ፊት ታርማቸዋለች። በመጨረሻ ዳኞች አንዱን ውጭ አገር ሄዶ እንዲማር ይመርጣሉ። ዛሬ ሁሉም የተሰደቡትን ስድብ እንደ ሜዳሊያ አንጠልጥለው መጥተዋል።

«አንቺም ትጫወቺ ነበር አይደል?» አለቻት ሴትዮዋ።

«ድሮ።»

«ምነው ተውሽው?»

«እጄ ሰነፈ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

እጇ አልሰነፈም። በእናቷ ወርክሾፕ መድረክ ላይ ስትወጣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ስምንት ወር የለፋችበትን ሙዚቃ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ጀመረች። የመጀመሪያውን ገጽ ሳትጨርስ እናቷ አጨበጨበች፤ ማስቆሚያዋ እንዲያ ነው። «ጣት አለሽ፤ ጆሮ የለሽም። ጆሮ ደግሞ በልፋት አይመጣም። ቀጣይ።» እቤት ሲገቡ ምሳ አቀረበችላት፤ ስለ ነገሩ ግን ትንፍሽ አላለች። ልጅቷም ቫዮሊኑን አልጋ ሥር ከተተችው። እልህ ይሁን ሌላ፣ ቆይታ ፒያኖ መቃኘት ተማረች፤ ዛሬ የከተማው ትልልቅ አዳራሾች ፒያኖ የሚቃኘው በእሷ ጆሮ ነው። እናቷ ይህንንም አይታ እንዳላየች አለፈችው።

ጓዳ ውስጥ ጋሼ ፔዳል ተቀምጠዋል። በወርክሾፑ ሠላሳ ዓመት ልጆቹን በፒያኖ ያጀቡ ሽማግሌ ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው ፔዳሉን ሲረግጡ ጫማቸው ስለሚጮህ ነው።

«አትቀየሚያቸው» አሏት። «ሰው ሲሞት ክፋቱም ይጣፍጣል።»

«እኔን ያለችኝን ያስታውሳሉ ጋሼ?»

«ያጀብኩሽ እኔ አይደለሁ?» ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ከአዳራሹ ስንወጣ ‹ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ናት› ብላኝ ነበር።»

ትሪዋን አስቀመጠች። «ምን አሉ?»

«ዳኞቹ ሊመርጡሽ ነበር ልጄ። እሷ ደግሞ ‹ለልጇ አደላች› መባልን እንደ ሞት ትፈራለች። አስቀድማ በሩን ዘጋችው።»

«ለእኔስ ለምን አልነገረችኝም?»

«የነገረችሽ መስሎኝ ነበር» አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን ሰብረው። «ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት፣ የነገረችሽ መስሎኝ።»

ከሳሎን የአክስቷ ድምፅ ተሰማ። «እህቴ አድልዎ የሚባል አታውቅም ነበር። ለገዛ ልጇ እንኳ።» ለቀስተኛው «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ።

ልጅቷ ሻይ ሞልታ ወጣች፤ ለሁሉም አዳረሰች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሲሳሳ እናቷ ክፍል ገባች። መስኮቱ ሥር ተቀመጠች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች አክስቷ በሩ ላይ ቆማ።

«ጥፍሬን እየቆረጥኩ።»

የግራ እጇን አራት ጥፍሮች፣ ክሩን በጣቱ እንደሚጫን ቫዮሊን ተጫዋች፣ አንድ በአንድ እስከ ሥጋው ድረስ አሳጠረቻቸው። የቀኙን አልነካችም።