ባቡር ጣቢያ የሚባል መንደር

ከመሐል ሜዳ ወደ ቀየት በሚወስደው መንገድ ዳር ባሕር ዛፍ የከበባት አንዲት መንደር አለች። ስሟ ባቡር ጣቢያ ነው። ባቡር ግን አታውቅም። በመንዝ ምድር ላይ አንድ ክንድ ሐዲድ ተዘርግቶ አያውቅም፤ የመንደሩ ሰው ካየው ሁሉ ትልቁ አጣና ጭኖ የሚያልፍ አይሱዙ ነው።

ትዕዛዙ የተወለደው እዚያ ነው። ለትምህርት ደብረ ብርሃን በሄደ ጊዜ አገሩን ሲጠይቁት አፉን ሞልቶ «ባቡር ጣቢያ» አለ። ከዚያ ወዲያ ሰላም አላገኘም። «ባቡሩ ስንት ሰዓት ይገባል?» «ትኬት ቁረጥልን እንጂ» እያሉ እስኪመረቅ ድረስ ተጫወቱበት። የስሙን ምክንያት ያውቀዋል፤ የአገሩ ሰው የእህል ወፍጮን ባቡር ይለዋል። በአያቱ ዘመን አንድ ወፍጮ እዚያ ተተከለ፣ ስሙም በዚያው ቀረ። ወፍጮ ባለበት ሁሉ ጣቢያ ቢባልማ አገሩ በሙሉ ምድር ባቡር በሆነ ነበር እያለ ይናደዳል።

አሁን መሐል ሜዳ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በመንገዱ ዳር የየመንደሩን ስም የያዘ ታፔላ ሊተከል ሲታሰብ፣ «የእኛ መንደር አዲስ ተስፋ ትባል» ብሎ ያመለከተው እሱ ራሱ ነው። አለቃው «ነዋሪው ከተስማማ» አሉት። እናም አንድ ቅዳሜ ሊያስማማ ሄደ። የተማሪነቱን መሳቂያ በዚያ ቀን ሊቀብር ቆርጦ ነበር።

ሰዉን ሁሉ ያገኘው በእማማ ጌታነሽ ግቢ ነው። የጓሳ ሳር ክዳናቸው ወርዶ ቤቱ ቆርቆሮ ሊለብስ ስለሆነ ጎረቤት ለደቦ ወጥቷል። ትዕዛዙ ለንግግር ጉሮሮውን ሲጠርግ እማማ ጌታነሽ አዩት።

«ወሬው ይደርሳል፤ መጀመሪያ እጅህን ስጠን» አሉት።

ኮቱን አውልቆ ገባ። የሚወርደው ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠ የጥድ ግንድ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ይህ ግንድ ግን ለተሰለፈው ወንድ ሁሉ ሸክም ሆነ። እንደ ምንም መሬት ሲያደርሱት ትዕዛዙ አንድ ነገር አየ። በግንዱ አንድ ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ መዳፍ የሚያስገባ ቦይ ተፍቋል፤ ጠቁሮ ልሙጥ ሆኗል።

«ይህን ምን ፋቀው እማማ?»

«ባቡሩ ነዋ።»

ትዕዛዙ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ግንዱ ላይ ተቀመጡና ነገሩት።

«መኪና መንዝ የማይገባበት ዘመን ነው። የወፍጮውን ሞተር ያመጡት ሰዎች የመኪናው መንገድ ያለቀበት ጥለውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ገደልና ረግረግ ነው። ሴቱ ደግሞ ገብስ በድንጋይ ሲፈጭ ወገቡ ተቆርጧል። ‹ቤቴን አፍርሱና ግንዱን ውሰዱ› ብላ የተነሣችው እናቴ ናት። እሷን አይቶ ሁሉም የቤቱን ግንድ አወረደ። በሁለት ረድፍ መሬት ላይ አነጠፉት፣ የበግ ሞራ ቀቡት። ሞተሩን ሳንቃ ላይ አስረው በበሬም በሰውም ጎተቱት። ያለፈበትን ግንድ ከኋላ እያነሡ በትከሻ ወደ ፊት ያመጡታል፤ እንደገና ያነጥፉታል። በጋውን በሙሉ እንዲህ ነው። ሰዉ ጣራ የለው፣ ከከብቱ ጋር በረት አደረ።»

«ከዚያስ?»

«ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ደረቅ መሬት ሊያደርሱት ነበር። እዚህ ሲደርስ ክረምቱ ገባና ጭቃው ያዘው። ገብረ ክርስቶስ የሚባል፣ ድሬዳዋ ሄዶ ባቡር ያየ ሰው ነበር። ‹በቃ፣ ጣቢያችን ይኸው ነው› አለ። ያ ሁሉ ሰው ጭቃ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም እየተጋገዘ የየራሱን ግንድ ወደ ቤቱ መለሰ።»

ትዕዛዙ ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ቤት ገባና ወደ ጣራው ቀና አለ። ቦዩ አለ። ሦስተኛው ቤትም አለ። በመጨረሻ ወላጆቹ ቤት ገባ። ልጅ ሆኖ ይተኛበት ከነበረው መደብ በላይ ያው ጥቁር ቦይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቷል። ያን ሁሉ ዓመት ዓይኑን ሲገልጥ የሚያየው እሱን ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም። ሐዲዱ የትም አልሄደም። ተበትኖ የሰዉን ጣራ ተሸክሟል። ትዕዛዙ ቤተ መቅደስ እንደገባ ሰው ፈራ፤ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ ያወለቀው ሳያውቀው ነው።

ሲመለስ ሰዉ ሥራውን አቁሞ ይጠብቀው ነበር።

«እህ፣ ምን ልትነግረን መጣህ?» አሉት እማማ ጌታነሽ።

«ታፔላ ሊተከል ነው» አለ ትዕዛዙ። «የት ላይ ይቁም ብዬ ልጠይቃችሁ ነው።»

«ምን ተብሎ ይጻፋል?» አለ አንዱ ጎልማሳ።

«ባቡር ጣቢያ።»

እማማ ጌታነሽ ጠያቂውን ገላመጡት። «ሌላ ምን ሊባል ኖሯል?» አሉ።

ትዕዛዙ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።