የሚጣላው ያጣ ሰው

ፎርማኑ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚጣላው ሰው አጥቷል። ለሌላ ሰው ቢነገር “ምን ጎደለበትና ነው?” ያሰኛል። እሱ ግን ዕድሜ ልኩን በጩኸት የኖረ ሰው ነው። ሕንፃ ጫፍ ላይ ቆሞ ምድር ላይ አሸዋ የሚነፋውን ሠራተኛ ሲቆጣ፣ የጎረቤት ሕንፃ ሠራተኞች ሳይቀሩ ሥራቸውን ያፋጥኑ ነበር። ፊት ለፊት “ጋሼ” ይሉታል፤ ዞር ሲል “ነጎድጓድ”። ሁለቱንም ያውቃል፤ ሁለተኛውን ይወደዋል። ልቡ የከዳችውም እዚያው፣ ኮንክሪት እየተሞላ ሳለ፣ አንዱን ሠራተኛ መስደብ ጀምሮ ሳይጨርስ ነው።

ሐኪሙ የተዘጋውን የደም ሥር ከፍቶ ወደ ቤቱ ሲሸኘው ለባለቤቱና ለልጁ ብዙ ነገር ነግሯቸዋል። ጨው ቀንሱ፣ ቀስ እያለ በየቀኑ ይራመድ፣ ሲጋራ በዓይኑ እንዳያይ ብሏል። መጨረሻ ላይ ደግሞ “ብዙም እንዳይናደድ” አለ። እነሱ ያቺን የመጨረሻዋን ይዘው ሌላውን ረሱት። “ብዙም” የምትለዋንም ጨምረው ረሷት።

ከዚያ በኋላ ቤቱ እስር ቤት ሆነ፤ ያውም አሳሪዎቹ ፈገግ የሚሉበት። የሥራ ወሬ እንዳያበሳጨው ስልኩ ተወሰደ፤ ዜና እንዳያስደነግጠው ቴሌቪዥኑ ተነቀለ። ልጁ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ “አባዬ፣ አንተ ብቻ ምንም አታስብ” ትለዋለች፤ ምኑን እንደማያስብ እንኳ አትነግረውም። ባለቤቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሳሎኑ ጥግ ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲንጣጣ የሚውለው የስፌት መኪናዋ ድንገት ተሰወረ። የት እንዳደረሰችው ሲጠይቃት “ሥራው ቀዝቅዟል፤ አንተ ዕረፍትህን አድርግ” አለችው። ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ መስኮት። መስኮቱ ጋ ቆሞ መንገዱን ማየት ሲጀምር ደግሞ “ብርድ ይመታሃል” ተብሎ መጋረጃው ይዘጋበታል።

ይህን ሁሉ ይችለው ነበር። ያልቻለው “እሺ”ን ነው።

ባለቤቱ ከተጋቡ ጀምሮ “እሺ” የሚባል ቃል ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ሴት ናት። ፀሐይ ወጣ ሲላት ደመናውን ታሳየዋለች። አሁን ግን አንድ ቀን ሻይ ቀምሶ “ጨው አለበት” አላት። ያለበት ስኳር ነው፤ እሱም ያውቃል። “እሺ፣ ልቀይርልህ” ብላ ብድግ አለች። በማግስቱ “ቤቱን እንሽጠውና ገጠር እንግባ” አላት። “እሺ፣ አንተ ደስ ካለህ።” በመጨረሻ የቀረችውን ጥይት ተኮሰ። “ወንድምሽ ግን ሲበዛ ሰነፍ ነው” አለ። በወንድሟ ከመጡባት ዓይን የምታወጣው ሴት ትራሱን አስተካከለችለትና “ልክ ነህ” አለችው። ያን ጊዜ ፈራ። ሆስፒታል ተኝቶም እንደዚያ አልፈራም። በሕይወት ካለ ሰው ጋር እንዲህ አይነጋገሩም ብሎ አሰበ።

ሊጠይቀው የመጣው ግንበኛም ያው ሆነ። ሁለቱ በሥራ ላይ ተስማምተው አያውቁም። ፎርማኑ ሆን ብሎ “ያቺ የደረጃው ግድግዳህ ግን ጠማማ ናት” አለው። ግድግዳዋ ቀጥ ያለች ነበረች። ግንበኛው ፊቱ ቀላ፣ ወደ ፎርማኑ ባለቤት ዞር ብሎ አየና “አዎ ጋሼ፣ ትንሽ ጠመም ብላለች” አለ። ሲወጣ “ተመስገን ይበሉ፣ ከሞት ነው የተመለሱት” ብሎ ተሰናበተው።

“ተመስገን” አለ ፎርማኑ፣ ከአንገት በላይ። ሰው ሁሉ ተመስገን በል ይለዋል። እሱ ግን ለምኑ እንደሚያመሰግን አልገባውም። የተመለሰው ወደ ሕይወቱ ሳይሆን ወደ ሶፋው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ “መድኃኒት ቤት ደርሼ ልምጣ” ብላ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ በሩን ሞከረው፤ አልተቆለፈም። በነጠላ ጫማው ወጣና የደረጃውን ብረት ይዞ ቀስ እያለ ወረደ። ከበታቻቸው ያለው ፎቅ ላይ ሲደርስ የስፌት መኪና ድምፅ ሰማ። ወዲያው ከአንዲት ጎረቤታቸው በር ጀርባ የባለቤቱ ድምፅ መጣ።

“ዓይንሽን ታከሚ እንጂ! ይሄ ጨርቅ ለዚያ መስኮት ይበቃል? አይበቃም አልኩሽ፣ አይበቃም!”

ጎረቤቲቱ ስትስቅ ይሰማል። ፎርማኑ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ሆድ ባሰው። እሱ የተራበው ድምፅ ለካ እዚህ ለጎረቤት በነፃ ይታደላል።

በሩ ተከፈተና ባለቤቱ የክር ቁርጥራጭ ቀሚሷ ላይ እንደተጣበቀ ብቅ አለች። ስታየው ድምጿ ወዲያው ለዘበ።

“ምነው? አመመህ? ቀስ ብለህ ተነስ፣ እኔን ያዝ።”

“ተቆጪኝ” አላት።

“እሺ፣ አሁን ቤት እንግባና...”

“እሺ አትበይኝ! ሳላስፈቅድ ወጥቼ፣ በነጠላ ጫማ ደረጃ ላይ ተዘርፍጬ አግኝተሽኛል። ድሮ ቢሆን ምን ትይኝ ነበር?”

አጠገቡ ቁጭ አለች። እንባዋ መጣ።

“ሁለተኛ አልቆጣህም። ያን ቀን ጠዋት በዚያ በሚያንጠባጥብ ቧንቧ ተጣልተን፣ ቁርስ ሳትበላ ነው የወጣኸው። በሩን ስትዘጋው ‘እንደወጣህ ቅር’ አልኩህ። ሰምተኸኛል?”

“ሰምቻለሁ። በየሳምንቱ ትይኝ የለ?”

“አትቀልድ! ቀትር ላይ ደወሉልኝ። አፌ ነው የጣለህ። ሐኪሙም ‘እንዳይናደድ’ ሲል እኔን ነበር የሚያየው።”

ፎርማኑ የሚያውቀው ነገር ነበር፤ እሷ የማታውቀው። ዝም ቢል እንደ እንቁላል ተይዞ ይኖራል፤ እሷም ጥፋተኛ እንደሆነች ትኖራለች። ቢናገር ደግሞ ጉዱ ይፈላል። አጠገቡ ያሉትን እጆች አያቸው። ጭብጥ ብለው ጉልበቷ ላይ ተቀምጠዋል።

“አፍሽ አይደለም” አላት። “ከዚያ በፊት ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ሲያስጨንቀኝ ነበር። ፎቁን ስወጣ ግራ እጄ ይደነዝዛል። የሲሚንቶው ከረጢት ላይ ቁጭ ብዬ አሳልፈው ነበር።”

“ጨጓራዬ ነው ያልከኝ?”

“ክሊኒክ ትጎትችኛለሽ ብዬ ነው። ሐኪሙ ‘ቀድሞ አሞህ ነበር?’ ሲለኝም ‘የለም’ አልኩት። አንቺ አጠገቤ ነበርሽና።”

ባለቤቱ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ቀስ ብላ ተነሳች። ከዚያ ፈነዳች።

“አንተ ሰውዬ! ሳምንት ሙሉ? እኔ አጠገብህ ተኝቼ? እኔ እዚህ ገደልኩት ብዬ እህል አልዋጥ ብሎኝ፣ ድምፄን ውጬ፣ መኪናዬን ከቤቴ አውጥቼ! ስትሞት ልትነግረኝ ነበር? ምን ዓይነት ደረቅ ነህ!”

በሮች ተከፈቱ። ጎረቤቲቱ መቀስ እንደያዘች ሮጣ ወጣች። “ኧረ ተይ! ኧረ ልቡን!”

“ልቡ ይስማ! ጥፋተኛው እሱ ነው! አንቺ ደግሞ ግቢ፣ ባሌን ነው የምሰድበው!”

ፎርማኑ ብረቱን ይዞ ያዳምጣል። ልቡ በኃይል ይመታ ነበር። ሕመሙን ጠበቀ፤ አልመጣም። ደረጃው፣ የተከፈቱት በሮች፣ በቁጣ የቀላው ፊቷ ሁሉ አማረው፤ ሳል የመሰለ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ ወጣው።

“ተመስገን” አለ። ይሄኛው ከሆዱ ነበር።

“ዝም በል! ማን ተናገር አለህ? ነገ ሐኪሙ ጋ ትሄዳለህ፣ ይህንን በገዛ አፍህ ትነግረዋለህ። ተነስ! ቅደም!”

እጁን ዘረጋላት። አልያዘችውም። ብረቱን ተደግፎ ተነሳና በየደረጃው እየቆመ፣ እየተነፈሰ መውጣት ጀመረ። እሷ ከኋላው የወንድሟን ታታሪነት እያነሳች፣ ቤት መሸጥ እንዴት ያለ የእብድ ሐሳብ እንደሆነ እየነገረችው ተከተለችው። መሃል ላይ ደረጃው አደናቀፈው። ስድቡ ሳይቋረጥ መዳፏ ጀርባው ላይ አረፈ።